12 ገጽ ታሪክ ጻፍኩለት፤ ስሙን እንኳ የሚያስታውስ የለም

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕሪ ሆኖ ዳይስ እየጣለ የሚጫወተውን የጠረጴዛ ጨዋታ እንጫወታለን። አምስት ተጫዋቾችና አንድ ዲኤም (ታሪኩን የሚመራው ሰው) ነን። የኔ ካራክተር (የምጫወተው ገጸ ባሕሪ) ኤላንድሪዮን ሲልቨርሊፍ የሚባል ኤልፍ፣ ማለትም ረጅም ዕድሜ የሚኖር የተረት ፍጡር፣ አስማተኛም ነው። ዕድሜው 300 ዓመት ነው። ወላጆቹን ዘንዶ ገድሎበታል፣ በዘንዶዎች ጦርነት ተዋግቷል፣ ከአገሩም ተሰዷል። 12 ገጽ ታሪክ ጽፌለት ለሁሉም በቴሌግራም ልኬያለሁ። አራት ወር ተጫውተን ግን ዲኤሙ ራሱ ስሙ እየጠፋበት 'ኤልፉ' ነው የሚለው። አንዱ ጓደኛችን በአሥር ደቂቃ የሠራው 'ጩጬ' የሚባል ሃፍሊንግ (ሰው የሚመስል አጭር የተረት ፍጡር) ሌባ አለው። አንድ ቀን አህያውን ሊያወጣ የሚቃጠል ጋጣ ውስጥ ተመልሶ ገብቶ ሊሞት ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ የሚወራው እሱ ነው። የኔው ላይ ምን ልጨምርበት? ድምፄን እየቀየርኩ ልናገር? ወይስ ገድዬው አዲስ ልሥራ? እባክዎ ይርዱኝ።»

ምላሽ፦ ምንም አትጨምርበት፤ ቀንስለት። ጓደኞችህ ገጸ ባሕሪህን የሚያውቁት አጠገባቸው ሆኖ ባደረገው ነገር ብቻ ነው። አራት ወር ሙሉ ኤልፉ ምን አደረገ? ከጥያቄህ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። የነገርከኝ በሙሉ ከጨዋታው በፊት የሆነበትን ነው። ስለ ጩጬ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጽፈህ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ገባኝ።

እስቲ ሰዓቱን እናስላው። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ትጫወታላችሁ እንበል። 240 ደቂቃ መሆኑ ነው። ግማሹን ዲኤሙ ቢወስደው 120 ደቂቃ ይቀራል፤ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 24 ደቂቃ ይደርሳል። ከዚያ ላይ ውጊያው፣ ዳይስ ቆጠራው፣ ቡና ሲቀርብ የሚነሳው ሌላ ወሬ ይቀነሳል። በቀረችው ደቂቃ 12 ገጽ አይወጣም። አንድ ነገር ነው የሚወጣው፤ ቢበዛ ሁለት። ደግሞ ጓደኞችህ የላክኸውን ፋይል ከፍተው አንብበውታል ብለህ ካሰብክ የዋህ ነህ። እኔም ብሆን ቅዳሜ እንገናኝ ብዬ ነበር የማልፈው።

ሌላም የማርምህ ነገር አለ። የጻፍከው ታሪክና የጨዋታው ሕግ ይጣላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014ቱ የሕጉ እትም ጀማሪ፣ ማለትም ገና አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ አስማተኛ የሚጀምረው በ6 ሂት ፖይንት (ሳይወድቅ በሚችለው የጉዳት መጠን) ነው፤ በዚያ ላይ ከስድስቱ የችሎታ ቁጥሮች አንዱ የሆነው የጽናት ጭማሪው ይደመራል። ጽናትህ 13 ከሆነ ጭማሪው 1 ነው፤ በድምሩ 7። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ በጎራዴው ሲያገኝህ ስድስት ጎን ያለው ዳይስ ጥሎ 2 ይደምርበታል። 5 ወይም 6 ከወጣለት መሬት ላይ ነህ። ማለትም ከሚያርፉብህ ሦስት ምቶች አንዱ ይዘርርሃል። በዘንዶዎች ጦርነት የተዋጋ ጀግና በመጀመሪያው ቀን መንገድ ዳር በጎብሊን ሲወድቅ ጓደኞችህ የትኛውን ይመኑ? ያዩትን ነው የሚያምኑት። ዕድሜው ችግር የለበትም፤ በጨዋታው ኤልፍ ለአቅመ አዳም ደረሰ የሚባለው ወደ 100 ዓመት ሲጠጋ ነው፣ እስከ 750 ዓመትም ይኖራል። ችግሩ ትልቁን ገድል ጓደኞችህ በሌሉበት መጨረስህ ነው። ለጠረጴዛው የቀረለት ትዝታ ብቻ ሆነ።

ጩጬ የተሳካለት ስለምን እንደሆነ ልብ በል። አህያው ይታያል፣ ደጋግሞ ይመጣል፣ ሁሉንም ያስቸግራል። መሰላል ስትወጡ አህያው ምን ይሁን? ወንዝ ስትሻገሩስ? ሌሎቹ አራታችሁ ሳትፈልጉ አህያው ውስጥ ገባችሁ። ከዚያ እሳቱ መጣ። ልጁ የሚያመልጥበት መንገድ እያለው ተመልሶ ገባ፤ ዋጋ ከፈለ። ሰው የሚያስታውሰው ያንን ዋጋ ነው። ጋጣው ባይቃጠል ኖሮ አህያው ተራ ቀልድ ሆኖ በሁለተኛው ሳምንት ይረሳ ነበር።

ይህ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አለቃ ገብረ ሃናን አስብ። ትልቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። ቀልዳቸውን እየነገረ የሚስቀው ሰው ግን አብዛኛው ይህን አያውቅም፤ ከማን ተማሩ ብትለው ዝም ይልሃል። ማንን በምን መልስ አፉን እንዳስያዙት ግን ልጅ ሳይቀር ይነግርሃል። በየቀልዱ ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ሰው አለ፦ ባለቤታቸው ማዘንጊያ፣ የጋበዛቸው ሰው፣ መንገድ ላይ ያገኙት ገበሬ። ብቻቸውን ቁጭ ብለው የተቀለደ የአለቃ ቀልድ እኔ አልሰማሁም። ያንተ ኤልፍ ግን ብቻውን ነው። ወላጆቹ ሞተዋል፣ አገሩ የለም፣ የሚያውቀው ሰው የለም። በነገራችን ላይ ወላጅ አልባ ገጸ ባሕሪ የሚበዛው አሳዛኝ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ ዲኤሙ በዘመድ በኩል እንዳይመጣብን ስለምንፈልግም ነው። በሩን ዘግተን ማንም አልመጣልኝም ብለን እናለቅሳለን።

ጨዋታው ራሱ ሲጀመር ረጅም ታሪክ አይፈልግም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሲያወጡት ስድስቱን ችሎታ በሦስት ዳይስ ጥለህ ስም ትሰጠውና ትገባለህ። ቶሎ የሚሞት ብዙ ነበር፤ ታሪክ የሚኖረው የተረፈው ነው። ሜልፍን ውሰድ። የጋይጋክስ ልጅ ሉክ የተጫወተው ኤልፍ ነው። ስሙ የመጣው የገጸ ባሕሪው መረጃ ከሚጻፍበት ወረቀት ላይ ነው፤ ወንድ ለማለት «ኤም»፣ ከጎኑ «ኤልፍ»፣ ሲገጣጠም ሜልፍ። ከዚህ የሰነፈ ስም አወጣጥ አላውቅም። ግን ተጫወቱት፣ ቆየ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የአሲድ ቀስት አስማት በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ አለ። አንተም አስማተኛ ስለሆንክ ሳትወረውረው አትቀርም።

ስለ ስም ከተነሳ አይቀር፣ ኤላንድሪዮን ሲልቨርሊፍ የሚለውን ቅዳሜ ከሰዓት እያወሩ መጥራት ይከብዳል። ዲኤሙ ላይ አትፍረድበት። የኛ ሰው የጦር መሪዎቹን በምን ይጠራ ነበር? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። አጭር ነው፣ ለፉከራ ይመቻል፣ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ይጠቁማል። አንተም ለጊዜው «ኤላን» በለው። ቅጽል ስም ግን ራስህ አታውጣለት። ጓደኞችህ እየሳቁ የሚያወጡለት ስም ነው የሚጸናው። ጩጬ አንድ ቀን «ጋሽ ኤላን» ካለህ አትቆጣ፣ ደስ ይበልህ።

ድምፅ ልቀይር ወይ ላልከው፣ አያስፈልግም። ጉሮሮህን ጠበብ አድርገህ አራት ሰዓት ስታወራ አንተም ትደክማለህ፣ ሰሚውም ይሰለቻል፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ደግሞ ድምፁ ሳታውቀው ይጠፋል። «ኤላን እንዲህ ይላል» እያሉ በሦስተኛ መደብ መጫወትም ነውር የለበትም። ይልቅ አማርኛው ራሱ የሰጠህ መሣሪያ አለ። የሕጉ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የምታወሩት በአማርኛ ነው አይደል? እንግዲያው ኤላን ማንን አንተ፣ ማንን እርስዎ እንደሚል ወስን። የ300 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ንጉሡንም ልጁንም አንተ ማለት ይችላል። ወይም ደግሞ ሁሉንም እርስዎ ይላል፣ የያዘውን ጎብሊን ሳይቀር። «እርስዎ፣ ቢላዎን ቢያስቀምጡት?» ይህን ሁለት ሳምንት ከያዝክ በኋላ የሆነ ቀን አንድ ከሃዲ ላይ «አንተ» ብትል መናደዱን ማስረዳት አይኖርብህም።

ልማድ ከየት ላምጣ ካልክ ከመጽሐፍ አታምጣ። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርደህ ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች ግማሽ ሰዓት ቆመህ እያቸው። አንዱ ቢላውን ወደ ዓሣው ከማስጠጋቱ በፊት ስለቱን በአውራ ጣቱ ይፈትሻል፤ ሁልጊዜ፣ አሁን የሳለው ቢሆንም። ሌላው ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ አንጀቱን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ አሞራ መሬት ሳይደርስ ይቀልበዋል። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም፣ ግን ልትረሳቸው አትችልም። የምትወስደው እንዲህ ያለ አንድ እንቅስቃሴ ነው። ሰውየውን ከነመልኩና ከነአነጋገሩ አትውሰድ። በተለይ በአነጋገር ቀልድ ማምጣት የሚባለውን ተወው። ሐዋሳ ሲዳምኛውም፣ ወላይትኛውም፣ ኦሮምኛውም፣ አማርኛውም የሚሰማባት ከተማ ናት። ጎብሊንህን በአንዱ ብሔር አነጋገር ብታናግረው ይታወሳል፣ አዎ፤ የሚታወሰው ግን በክፉ ነው፣ ከጠረጴዛው ላይም አንድ ሰው ሊያስነሳብህ ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ ይሳሳታል። በተለመደው አደላደል ለስድስቱ ችሎታ ስድስት ቁጥር ታገኛለህ፦ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8። ሁሉም ስለ 15ቱ ያስባል፣ 8ቱን የማይጎዳ ቦታ ይደብቀዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው 8ቱ የት ሄደ ብዬ ነው። አስማተኛ ስለሆንክ ወይ ጉልበት ላይ ነው፣ ወይ ግርማ ሞገስ ላይ። ግርማ ሞገስ ላይ ነው እንበል። 8 ማለት ከእያንዳንዱ ውጤት 1 ይቀነሳል። ዲኤሙ 15 አምጣ ያለህን የማሳመን ሙከራ ለማለፍ ሃያ ጎን ባለው ዳይስ 16 እና ከዚያ በላይ መጣል አለብህ፤ ዕድልህ 25 በመቶ ነው። ጭማሪው 5 የሆነ አንደበተ ርቱዕ ጓደኛህ ግን 10 ከጣለ ይበቃዋል፣ 55 በመቶ። ብልጥ ተጫዋች ዝም ብሎ ጓደኛውን ያናግራል። የሚታወሰው ግን 25 በመቶውን እያወቀ ለበረኛው ንግግር ሊያደርግ የሚቆመው ሽማግሌ ነው። ኤላን ራሱን ንግግር አዋቂ አድርጎ ቢቆጥርስ? ዳይሱ ሲያዋርደው ሳቁን አገኛችሁ፤ አንድ ቀን 20 ሲወጣለት ደግሞ ቤቱ ይደባለቃል።

ሕጉም ቢሆን ይህን ይደግፍሃል። በ2014ቱ እትም የባሕርይ መገለጫ፣ እምነት፣ ቁርኝትና ድክመት የሚጻፍባቸው ቦታዎች ወረቀቱ ላይ አሉ። ድክመትህን ጎድቶህም ቢሆን ስትጫወተው ዲኤሙ ኢንስፒሬሽን ሊሰጥህ ይችላል፤ ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ ሁለቴ ጥለህ የሚበልጠውን ትወስዳለህ። በ2024ቱ እትም እነዚያ ዝርዝሮች ከየባክግራውንዱ (ከገጸ ባሕሪው የቀድሞ ሙያና ኑሮ) ሥር ወጥተዋል፤ ኢንስፒሬሽኑም አንድ ዳይስ ደግሞ ለመጣል ሆኗል። የትኛውንም ብትጫወቱ ዲኤማችሁ መስጠቱን ከረሳ አስታውሱት። ብዙ ቤት ይረሳል።

እንግዲህ ኤላንን አትግደለው። አዲስ ብትሠራም ያው 12 ገጽ ጽፈህ ነው የምትመጣው። የጻፍከውን ወደ ሦስት ዐረፍተ ነገር አውርደው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦

የወላጆቹን ቤት ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል፤ ያገኘው በር ላይ ይሞክረዋል። በዘንዶዎች ጦርነት ተዋጋሁ ይላል፤ እውነቱ ግን ጦርነቱ ሲጀመር ሸሽቷል። ይህን ከጓዶቹ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከታሪክህ የጣልኩት ብዙ የለም፤ ዘንዶው አለ፣ ወላጆቹ አሉ፣ ስደቱ አለ። ግን እያንዳንዱ አሁን የሚሠራው ሥራ አለው። ቁልፉ ይታያል፣ ይደጋገማል። በር መክፈት የጩጬ ሙያ ስለሆነ ሌባው በተጎነበሰ ቁጥር ከኋላው አንድ ሽማግሌ «አንዴ እኔ ልሞክር» እያለ ይመጣል። ያለምንም ገለጻ የሁለት ሰው ግንኙነት ተፈጠረ። ውሸቱ ደግሞ 7 ሂት ፖይንቱን ያስረዳል፤ ጎብሊን የሚጥለው ተዋግቶ ስለማያውቅ ነው። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ለዲኤሙም ለጓደኛህም ሥራ ይሰጣል። ምስጢሩን የሚያውቀው ማን ይሁን? ከተጫዋቾቹ ከምትግባባው ጋር ተነጋገር፤ እሱ ይስማማ። ቤቱ የት እንደነበር፣ ቁልፉ የሚከፍተው በር መኖር አለመኖሩን ግን አትወስን። ባዶ ተወው፣ ዲኤሙ ይሙላው። ሁሉን ነገር አንተ ከጻፍክ ለእሱ የሚቀርለት ነገር የለም፤ ስምህን የሚረሳውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስትጫወተው ጥንቃቄ አድርግ። ቁልፉን በአንድ ቅዳሜ አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ አውጣው። በየበሩ ካወጣኸው በሁለተኛው ሳምንት ያንገሸግሻቸዋል። ጩጬ ወጥመድ አለበት ያለውን በር ከነካህ ሌሎቹ ላይ የሚፈነዳ ከሆነ ደግሞ ከጨዋታው ወጥተህ «ይህን ላድርግ? ችግር የለም?» ብለህ ጠይቅ። «ምን ላድርግ፣ ካራክተሬ እንዲህ ነው» የሚል ሰበብ ስንት ቡድን እንደበተነ እኔ አውቃለሁ። የጓዶቹን ወርቅ ሰርቆ «ሌባ ነኝኮ» የሚል ተጫዋች ይታወሳል፤ ቅዳሜ ግን አይጠራም። ዋጋው ከራስህ ኪስ ይውጣ። ጩጬ የተቃጠለው ራሱ ነው፤ ጓደኞቹን አላቃጠለም።

አህያም አትግዛ። ያ የሱ ነው።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቤት እንዳለ ግን እወቅ። ቡድናችሁ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየገባ ውጊያ ብቻ የሚወድ ከሆነ፣ ዲኤሙም ንግግሩን እየዘለለ ወደ ዳይሱ የሚሮጥ ከሆነ፣ ኤላን የሚታወቀው በጦር ሜዳ በሚሠራው ብቻ ነው። ያኔ ሦስቱን ዐረፍተ ነገር ወደ ውጊያው አምጣ፦ ዘንዶ ነክ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸሸው እሱ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሽሽ። ከዚያ አንድ ቀን፣ መሸሹ በሚያዋጣበት ቀን፣ ቁም። ሊሞት ይችላል፤ 7 ሂት ፖይንት ነው ያለው፣ ወይም ደረጃው አድጎ ከሆነ ትንሽ ከዚያ በላይ። ለዚያ ቀን ተዘጋጅ። ቀድመህ ግን ለዲኤሙ አትንገረው፣ ልምምድም አታድርግበት።

ለዲኤሙ ሦስቱን ዐረፍተ ነገር በዚህ ሳምንት ስጠው። 12 ገጹን ማንም ስላላነበበው የምታስተባብለው ነገር የለህም፤ ለአንዴም ቢሆን ጠቀመህ። ሦስት ቅዳሜ ከተጫወትክ በኋላ ጓደኞችህን አንድ በአንድ ጠይቃቸው፦ «ኤልፍ ነው፣ አስማተኛ ነው ሳትሉ ስለ ኤላን አንድ ነገር ንገሩኝ።» ከአራቱ ሦስቱ ከመለሱልህ ቀጥል። «እኔ እንጃ» ካሉህ ከዲኤሙ ጋር ቁጭ ብለህ ስለ አዲስ ገጸ ባሕሪ ብታወራ አልቃወምም፤ ያኔም ቢሆን ግማሽ ገጽ ይበቃል።